ሮምን በእግር ወይስ በአውቶቡስ?

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ለፋሲካ ዕረፍት አራት ቀን ሮም ልሰነብት ነው፤ ከተማዋን አላውቃትም። የአስጎብኚ አውቶቡስ ትኬት ልግዛ ወይስ በእግሬ ልዙር?

መልስ፦ በእግርዎ ይዙሩ። አውቶቡሱ የሚሸጥልዎ ርቀትን ማሳጠር ነው፤ በጥንቱ የከተማዋ ክፍል ግን የሚያጥር ርቀት ብዙም የለም። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ደግሞም ከመስኮት የማይታየው ይበልጣል። ፓንቴዮን አጠገብ ያለው የሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ሦስት የሠዓሊው የካራቫጆ ሥዕሎችን ያለ ክፍያ ያሳያል። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ የጎዳናው ስም ራሱ ታሪክ ነው፦ ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው የቺንኰቼንቶ («አምስት መቶ») አደባባይ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው 500 ያህል የጣልያን ወታደሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልትም ቆሞ የነበረው ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (የፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት፣ ከጥንቱ የሰረገላ መወዳደሪያ ከቺርኮ ማሲሞ አጠገብ ነው።

እጠፋለሁ ብለው ይሰጉ ይሆናል። ቪያ ዴል ኮርሶ ከቬኔዚያ አደባባይ እስከ ፖፖሎ አደባባይ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ እሱን ካገኙ አቅጣጫዎን አገኙ። ድካሙ እውነት ነው፤ ሲበረታ ሜትሮ አለ፤ ውሃም ከየጎዳናው ቧንቧ በነጻ ይጠጣል። አውቶቡሱ የሚያዋጣው መራመድ ለሚቸግረው ሰው ብቻ ይመስለኛል። ገንዘብዎን ይልቅ ለኮሎሲየምና ለቫቲካን ሙዚየም ትኬት ያውሉት፤ በፋሲካ ሰሞን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ከመነሳትዎ በፊት በኢንተርኔት ይግዙ።