ማሽኑ ቢፈቅድም ሕሊና ይጠይቃል
(ስለ ዲጂታል መሣሪያዎች አጠቃቀም ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የተዘጋጀ ትምህርት)



መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ሥርዓት ላይ ባጋጠመ ብልሽት ምክንያት፣ ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ለማውጣትና ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በእጅ ስልክ ከተማሪ ወደ ተማሪ ተዳርሶ፣ ሌሊቱን በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በሚገኙ የኤቲኤም ማሽኖች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ችግሩ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት አልነበረም፤ ያላግባብ የተወሰደው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ በማስታወቂያ አሳሰቡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳየ። ከተወሰደውም ገንዘብ አብዛኛው ተመለሰ።

በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት ወደ እኛ ቀርቦ፣ «አባ፣ እኔ የሰው ኪስ አልገባሁም፤ ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ ከሰጠኝ ስርቆት ይባላልን?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ የመነጨ ነበር። እኛም ከዚያ ወዲህ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ተማሪው፣ መምህሩና የቤተሰብ አባት ስልኩን እንዴት እንደሚጠቀምበት በተመለከትን ቁጥር ያው ጥያቄ በልዩ ልዩ መልኩ ይመለስብናል። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርታችንን ከዚሁ እንጀምራለን።

1. «ይቻላል» እና «ይገባል»

ጉደር ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት መልስ ስትሰጠን ተሳስታ በአሥር ብር ፋንታ መቶ ብር ብትሰጠን፣ «ራሷ ሰጠችኝ» ብለን ብንሄድ ሕሊናችን ዝም አይለንም። ለምን ቢባል ፊቷን አይተናል፤ ማታ ገንዘቧን ስትቆጥር የሚሰማትንም እንገምታለን። ማሽኑ ግን ፊት የለውም። ማሽን የሚሠራው ስሌት ነው፤ «ይህ ትእዛዝ ይፈጸማል ወይስ አይፈጸምም?» ብሎ ይለያል እንጂ «ይህ ነገር ይገባል ወይስ አይገባም?» ብሎ አይለይም። ሁለተኛውን መለየት ለሰው ብቻ የተሰጠ ነው።

እንግዲህ የዲጂታል መሣሪያ ትልቁ ፈተና ክፋትን መፍጠሩ አይደለም፤ የምንበድለውን ሰው ፊት ከዓይናችን መሰወሩና እጃችን ከሐሳባችን ቀድሞ እንዲሮጥ ማድረጉ ነው። ይህን ከያዝን ዘንድ ወደ ተማሪው፣ ወደ መምህሩና ወደ ቤታችን እንሻገር።

2. ተማሪው

በመጀመሪያ መልካሙን መናገር ይገባል። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ ዛሬ በየስልካችን አማርኛ ጽፈን ማንኛውም ስልክ ሊያነበው የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። የጉግል የትርጉም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን፣ በ2022 ደግሞ ኦሮምኛን ጨመረ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የታተሙ መጻሕፍት እጥረት በታየ ጊዜም፣ ተማሪዎች መጽሐፉን በቴሌግራም ተቀብለው ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ስልክ ላይ ሲያነቡ ተመልክተናል። ይህ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ያው መንገድ ሌላም ነገር ያመላልሳል። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ አስቀድሞ በመውጣቱ በመላ አገሪቱ ተሰረዘ፤ ፈተናውም እንደገና ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ማን ተጎዳ? ከጊንጪ ወይም ከጌዶ ገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ሌሊቱን ሲያጠና የከረመው ልጅ ተጎዳ። የተላለፈለትን መልስ የተቀበለው ተማሪ ይህን ልጅ አላየውም፤ ቢያየው ኖሮ እጁ ምናልባት ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ አደረገ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። የዚህ ውጤት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በስልክ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ቢሆንም ፈተና ለተማሪው መስተዋት መሆኑን፣ መስተዋቱን መሸፈንም ፊትን እንደማያጸዳ አስተምሮናል።

ዛሬ ደግሞ የጥያቄ መልስና ድርሰት ጽፎ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ ልኅቀት መጥቷል፤ ቻት ጂፒቲ የተባለው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ቀረበ። እንዲህ ያለው መሣሪያ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ ከአንዱ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ይጽፋል። ስለዚህ ውሸቱንም እውነቱንም በአንድ ዓይነት የተማመነ አነጋገር ያቀርባል። በአማርኛና በኦሮምኛ የተመገበው ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ ደግሞ በእነዚህ ቋንቋዎች ስሕተቱ ይበዛል። ካቴኪስቶችም ይህን ልብ እንድትሉ እናሳስባለን፤ መሣሪያው የጠቀሰላችሁን ምዕራፍና ቁጥር መጽሐፉን ገልጣችሁ ሳታረጋግጡ ለሕፃናት አታስተምሩ።

3. መምህሩ

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት በጀመረ ጊዜ ተስፋው ታላቅ ነበር። በአዲስ አበባ ያለው ተማሪና በባኮ ያለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ ታስቦ ነበር። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም፤ መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መምህሩም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆኖ ከጎን ይቆም ነበር። መሣሪያው ክፉ ስላልነበረ፣ ያ ዘመን ያስተማረን አንድ ነገር አለ፦ የተማሪውን ፊት አይቶ «አልገባህም» የሚል መምህር በምንም አይተካም።

በአምቦ ለመምህራን ይህን መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው ተቋም የሚገኝባት ከተማ፣ ትምህርት በመምህርና በደቀ መዝሙር መካከል እንደሚያድግ ታውቃለች። ሆኖም ዛሬ ተማሪው የቤት ሥራውን በማሽን አስጽፎ፣ መምህሩም ሳያነብ ምልክት አድርጎ የሚመልስበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የተማረ ማን ነው? በአገራችን የቀድሞው ትምህርት ተማሪው በመምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ሳያስመሰክር ወደሚቀጥለው አይሻገርም ነበር። ይህ ልማድ ለዘመናችን መድኃኒት ሊሆን ይችላል። መምህሩ ጽሑፉን ከተቀበለ በኋላ፣ «እስቲ ይህን ዐረፍተ ነገር በራስህ ቋንቋ አስረዳኝ» ቢል አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ያስረዳ ተማሪ መሣሪያውን ተጠቅሞበታል፤ ማስረዳት ያልቻለውን ግን መሣሪያው ተጠቅሞበታል።

4. ቤታችንና ገበያችን

ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ፣ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ከከፈተ ወዲህ፣ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል በከተሞቻችን የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ማንበብ የማይችል ስንት አለ! በገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ እህላቸውን ሸጠው ስልካቸውን ለማያውቁት ወጣት ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ገንዘቡ መግባቱን እይልኝ» ሲሉ፣ ብዙ ጊዜም የምሥጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ሲናገሩ እንሰማለን። በዚያች ደቂቃ የሽማግሌው የዓመት ድካም በአንድ ወጣት መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ወጣቱ ማንበብ መቻሉ በራሱ አደራ ነው። ስለሆነም ቁጥሩን ሽማግሌው ራሳቸው እንዲጫኑ ማስተማር፣ ይህ ካልተቻለም ከቤተሰባቸው አንድ የታመነ ሰው እንዲመርጡ መምከር የፍቅር ሥራ ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ስልክ ቢደወልም፣ የምሥጢር ቁጥር ለማንም እንደማይነገር በየቤቱ ይታወቅ።

ሌላው የቃል ጉዳይ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦ ልጅ የነበረው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። አምቦም በሐዘን ላይ ሳለች፣ በውጭ አገር ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን ፊት በስልካቸው ማየት ተሳናቸው። በዚያ ወራት ሁለቱንም አየን፦ ቃል ሲቋረጥ የሚያመጣውን ጭንቀት፣ ሳይመረመር የሚለቀቅ ቃል የሚያነሣውንም እሳት። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል፤ ሕግ ግን በሠራዊት ጣት ሁሉ ላይ ዘብ ሊያቆም አይችልም።

እኛም ራሳችን ንጹሕ አይደለንም። በአንድ ወቅት የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት የእርዳታ ልመና ደርሶን፣ አዝነን ለብዙ ምእመናን አስተላለፍን። ፎቶግራፉ የቆየና የሌላ አገር ሕፃን መሆኑን፣ የሒሳብ ቁጥሩም የአታላይ መሆኑን ያወቅነው አንዲት እናት ገንዘብ ከላኩ በኋላ ነበር። ይቅርታ ጠይቀን ገንዘባቸውን ከኪሳችን መለስን፤ ያስተላለፍነውን መልእክት ግን ልንመልሰው አልቻልንም። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት በእኛ ተፈጸመ።

5. የቤተ ክርስቲያን ምክር

ቤተ ክርስቲያን መሣሪያን አትፈራም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ፣ እነዚህን ነገሮች ለሰው ጥቅም የተሰጡ አድርጎ ተቀብሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከቫቲካን የወጣው ሰው ሠራሽ ልኅቀትን የሚመለከተው ሰነድም፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ኃላፊነቱ ከሰው ትከሻ እንደማይወርድ ያስተምራል። ሰባተኛው ትእዛዝ ስለ ሰው ንብረት፣ ስምንተኛው ስለ ሐሰት የተናገሩት በስልክ ላይ ሲሆን አይሻሩም። በመጀመሪያ ለተጠቀሰው ወጣት የሰጠነውም መልስ ይኸው ነበር፤ ዘኬዎስን አስታወስነው፤ እርሱ ንስሓውን የገለጸው በመመለስ ነውና። ወጣቱ በማግስቱ ወደ ባንኩ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አባ፣ ሌሊቱን ተኛሁ።»

ለካቴኪስቶች፣ በቡድን ለመወያየት፦

ሀ/ ስልካችን የፈቀደልንን ነገር ሕሊናችን የከለከለን መቼ ነበር? የትኛውን ሰማን?

ለ/ በቁምስናችን ማንበብ የማይችሉ አረጋውያንን በስልክ ገንዘብ አጠቃቀም የሚረዳቸው ማን ነው? እኛስ ምን ልናደርግ እንችላለን?

ሐ/ አንድ ወሬ ሲደርሰን ከማስተላለፋችን በፊት «ማን ተናገረው? መቼ? ማንን ይጎዳል?» ብለን ለአንድ ሳምንት እንሞክር፤ ያየነውንም በሚቀጥለው ስብሰባ እንንገር።