የማግሥቱ ርኅራኄ



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ስናስተምር፣ ብዙውን ጊዜ ሳምራዊው ቁስሉን በዘይትና በወይን ካከመበት ቦታ ላይ ትምህርታችንን እንዘጋለን። ወንጌላዊው ግን ታሪኩን እዚያ አያበቃም። ሳምራዊው በማግሥቱ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ ቢያወጣም ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገባ። በመጀመሪያው ቀን ያየው ቁስል ልቡን አንቀሳቀሰው፤ በማግሥቱ ደግሞ እርሱ በሌለበት ቁስለኛውን ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ አሰበ። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት የወደድነው ይህን ማግሥት ነው።

ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1617 በፈረንሳይ አገር ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ቆሞስ ነበር። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብስ፣ ራቅ ባለ ቤት የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ አስታማሚ ማጣቱን ነገሩት። እርሱም በስብከቱ ይህን ለሕዝቡ አሳሰበ። ከቀትር በኋላ ራሱ ሊጠይቃቸው ሲወጣ መንገዱ በሴቶች ተሞልቶ አገኘው፤ ገሚሶቹ ይሄዳሉ፣ ገሚሶቹ ይመለሳሉ፣ ሙቀቱ ያደከማቸውም በመንገድ ዳር ተቀምጠው ያርፋሉ። ሌላ ሰባኪ ቢሆን ስብከቱ ፍሬ ማፍራቱን አይቶ ደስ ብሎት በተመለሰ ነበር፤ እኛም ብንሆን ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ቪንሰንት ግን ያ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን እንደማያልቅ፣ የተረፈው እንደሚበላሽ፣ ሕሙማኑም ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው እንደሚቸገሩ አስተዋለ። ርኅራኄ አልጎደለም፤ የጎደለው ተራ ነበር።

ስለዚህ ሴቶቹ በየቀኑ እየተፈራረቁ እንዲያገለግሉ አደራጃቸው። በዚያው ዓመት በተሰጣቸው ደንብ መሠረት ተረኛዋ ምግቡን ታዘጋጃለች፤ ለሕመምተኛው በደስታና በፍቅር ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ እጁንም ታስታጥበዋለች። አስታማሚ ካላቸው ትጀምርና ብቻቸውን ያሉትን በመጨረሻ ትጠይቃለች፤ ይኸውም ከእነርሱ ዘንድ ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን የመጣው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሉት፣ ይኸው ቅዱስ ከመሠረተው ማኅበር የወጣ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ፍቅር በጻፉት መልእክት፣ ፍቅር ለማኅበረ ምእመናን አገልግሎት እንዲሆን መደራጀት እንደሚያስፈልገው አስተምረዋል።

በእኛም ቁምስናዎች እንደዚያ እሑድ ያለ ቀን አይታጣም። በበዓለ ንግሥ፣ በዝክርና በተስካር ዕለት በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንጀራው ይትረፈረፋል፤ ኀዘን ሲደርስም ጎረቤቱ ሁሉ ሦስት ቀን ከልቅሶ ቤት አይጠፋም። ይህን መልካም ውርስ ማቃለል አይገባንም። ዳሩ ግን የበዓል ምጽዋት የሚደርሰው ተራምዶ መምጣት ለቻለ ሰው ነው። ከአልጋዋ መነሣት ያቃታት አሮጊት በበዓሉ ዕለትም ጦሟን ታድራለች፤ መቅረቷንም ልብ የሚል የለም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶቻቸው ጋር ሆነው በቁምስናቸው ከቤት መውጣት የማይችሉትን በስም ይመዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም አስታማሚ ያለውና የሌለው ይለይ። ከዚያ በኋላ ጠያቂዎች የሳምንቱን ቀኖች ይከፋፈሉ። መዝገቡ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አይለጠፍ፤ የድኻን ገመና ያወጣልና በቆሞሱ እጅ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩም ተሰብስበው አዲስ የታመመውን ይጨምሩበት።