ቴስቶስትሮን ከመጀመርዎ በፊት፦ በመጀመሪያው ቀጠሮ ምን ይጠብቅዎታል?



ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ናሙዎንጎ የሚኖር አንድ ወንድማችን ሊያማክረኝ መጣ። ትዳር ከያዘ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ ግን አልተገኘም። «የወንድነት መርፌ ነው፣ ያስወልዳል» ብለውት ቴስቶስትሮን ገዝቶ ለወራት ተወጋ። ጉልበት አገኘ፤ ባለቤቱ ግን አላረገዘችም። የዘር ፈሳሹ ሲመረመር ምንም የወንድ ዘር አልተገኘበትም። ቀድሞውኑ ችግር ነበረበት ወይስ መርፌው አመጣው? አስቀድሞ ስላልተመረመረ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። «ልጅ መውለድ ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀውም አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ዋና ጥቅም ይህ ጥያቄ እንዳይዘለል ማድረግ ነው።

መድኃኒቱ ለማን ይሰጣል?

ቴስቶስትሮን በብዛት በወንድ የዘር ፍሬ (ቆለጥ) የሚመረት ሆርሞን ነው። የዘር ፍሬ በጆሮ ደግፍ፣ በድብደባ ወይም በአደጋ ሲጎዳ፣ ወይም ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ሲታመም መጠኑ ሊያንስ ይችላል። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ይህ እጥረት በምርመራ ለተረጋገጠባቸው ወንዶች ነው። ሴት ሆነው ተወልደው በወንድነት ለሚኖሩ ሰዎችም (ትራንስጀንደር) በሐኪም ክትትል ይሰጣል።

ድካምና የወሲብ ፍላጎት ማነስ ሁሉ የሆርሞን እጥረት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ በቂ ምግብ አለማግኘት፣ ጭንቀትና ድባቴም ተመሳሳይ ስሜት ያመጣሉ። በስደት ኑሮ እነዚህ ብርቅ አይደሉም፤ ሕክምናቸው ግን ሌላ ነው።

ሐኪሙ ምን ይጠይቅዎታል?

1. ልጅ መውለድ ይፈልጋሉ? መቼ?
2. ከዚህ በፊት ቴስቶስትሮን ወይም ሌላ የጡንቻ ማሳበጫ መድኃኒት ወስደዋል? ከሱቅ የገዙትንም ሳይደብቁ ይናገሩ።
3. የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም የደም መርጋት ነበረብዎ?
4. ሲተኙ በኃይል ያንኮራፋሉ? ትንፋሽዎ ይቋረጣል?
5. ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ አይስማማዎትም? አንዳንዶቹ መርፌዎች የሚዘጋጁት በእነዚህ ዘይቶች ነውና ይህን መናገር አይርሱ።
6. ምን ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ነው? ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ቴስቶስትሮንን ይቀንሳል።

ከጥያቄው በኋላ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፤ የዘር ፍሬም ሊታይ ይችላል። ማፈር የተለመደ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲወጣልዎ መጠየቅ መብትዎ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገ የሚያምኑትን አዋቂ ሰው ይዘው ይሂዱ። ልጅዎን አያስተርጉሙ።

የደም ምርመራ

ቴስቶስትሮን ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ ደሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ ቁርስ ሳይበሉ ቢሆን ይሻላል። በቀጠሮ ወረቀት ላይ 8፡00 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። በወባ ወይም በሌላ ከባድ ሕመም ላይ ካሉ እስኪድኑ ይቆዩ፤ ሕመም ራሱ መጠኑን ያወርዳል።

አንድ ምርመራ አይበቃም። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት እጥረት አለ የሚባለው ምልክቶች ካሉ፣ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች የተለካውም ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ነው። የቀይ ደም ሕዋሳት መጠንም ይታያል፤ መድኃኒቱ ደምን ስለሚያወፍር ቀድሞ ከፍ ያለበት ሰው አይጀምርም። እንደ ዕድሜው የፕሮስቴት ምርመራም ይጨመራል።

የሆርሞን ምርመራ በአነስተኛ ጤና ጣቢያዎች በአብዛኛው ስለማይሠራ ወደ ሙላጎ ሆስፒታል ወይም ወደ ግል ላቦራቶሪ ሊላኩ ይችላሉ። ከመሄድዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ፤ የስደተኛ መታወቂያዎንና የሪፈር ወረቀትዎን ይያዙ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መርፌ ሳይወጉ ቢመለሱ አይዘኑ። ሐኪሙ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ነው።

ልጅ ለሚፈልጉ

ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ የወንድ ዘር መመረቱም ይቀንሳል ወይም ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ለ271 ጤነኛ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም አስወግቶ፣ በ6 ወር ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ምንም ዘር አልተገኘባቸውም። የተሞከረው እንደ ወንድ የእርግዝና መከላከያ ነበር! ሲያቆሙ ዘሩ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን ከዓመት በላይ ይፈጃል። በቅርቡ ልጅ የሚፈልጉ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። መርፌውን ጀምረው ከሆነም በራስዎ ውሳኔ ድንገት ከማቆም ሐኪም ያማክሩ።

ለትራንስጀንደር አንባቢዎቻችን

የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል። ድምፅ ይጎረንናል፤ አንዴ ከጎረነነ መድኃኒቱ ቢቆምም አይመለስም። የወር አበባ ቢቆምም እርግዝና ሊከሰት ይችላል፤ ቴስቶስትሮን የእርግዝና መከላከያ አይደለም፣ ፅንስንም ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኡጋንዳ የፀረ ግብረ ሰዶማዊነት ሕግ በአብዛኛው ጸንቷል። ሆኖም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2024 ሰውን የመጠቆም ግዴታ የጣለውን አንቀጽ ሰርዟል። ምስጢርዎን ለማን እንደሚነግሩ አስቀድመው ያስቡ። ለሚያክምዎ ሰው ግን የሚወስዱትን መድኃኒት አይደብቁ።

ከመሄድዎ በፊት

• ጥያቄዎችዎን በወረቀት ጽፈው ይያዙ።
• ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ፤ መርፌ በጋራ አይጠቀሙ።
• ጄል ከታዘዘልዎ የተቀባውን ቦታ ሕፃናት እንዳይነኩት ይሸፍኑ።
• መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር እብጠት ቢሰማዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሐኪሙ ስለ ልጅ ሳያነሳ ቢቀር፣ እርስዎ ያንሱት።