ጥምዝና ጥሎሽ

የእህቴ ልጅ፣ ከቡራዩ የላክሽልኝን የልቦለድሽን ሦስት ምዕራፍ ሱሉልታ ከምድጃዬ ዳር ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ለታሪክሽ ንግሥት እሌኒን መምረጥሽን ወድጄዋለሁ። የማልወደውን ግን ልንገርሽ።

፩. ሙሽራዋ በሠርጓ ዕለት ቀይ ወጥ ጎርሳ በርበሬው አስነባት ብለሻል። ባሏ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሠው በፈረንጆቹ ከ1434 እስከ 1468 ነው። በርበሬ ደግሞ ከአሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረው ኮሎምበስ በ1492 እዚያ ከደረሰ ወዲህ ነው። ወጡን በጥምዝና በኮረሪማ ሥሪላት፤ ለማስነባቱ ጥምዝም አያንስም። እንግዶቹ የቆረጠሙትን የበቆሎ ቆሎም አንሺው፤ እሱም የአሜሪካ ነው። አጃቢዎቹ የተጠለሉበትን ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሥሩ ቁረጪልኝ። እኔ ከደጄ ሆኜ እንጦጦ ላይ የማየው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ የገባ ነው። ጥድና ዝግባ ትከዪበት።

፪. ንጉሡ በውበቷ ተማርኮ አገባት አትበዪኝ። አባቷ መሐመድ የሐዲያ ገራድ፣ ማለትም ገዥ ነው፣ እስላም ነው፣ ገባር ነው። ጋብቻው ውል ነው። የሽማግሌዎቹ ወሬ ስለ ዓይኗ መሆኑ ቀርቶ ስለ ግብሩና ስለ አዳል ሱልጣኔት ይሁን።

፫. የጫጉላውን ሌሊት አራት ገጽ ጽፈሽለታል። አንድ ይበቃዋል። ሦስቱን ለማሂኮ ስጪ። ማሂኮ የዚያው የመሐመድ ልጅ ነው፤ በአባቱ ወንበር ተቀምጦ ለንጉሡ ግብር አልከፍልም አለ። ዘርዐ ያዕቆብ ሽሮት አጎቱን ባሞን ሾመ። ወሬው ለባልየው ሲነገር እሌኒ ማዕድ ላይ ናት እንበል። እጇ ጉርሻውን ይዞ የት ላይ ይቆማል? እሱን ጻፊልኝ።

፬. ለቅሶዋ በዛ። እኔም ሰበታ የተዳርኩት በሽማግሌ ነው፤ ባሌን ቀርቤ ያየሁት የሠርጉ ዕለት ነው። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም፤ ግን ያስለቀሰኝ እግሬን የላጠኝ አዲስ ጫማ ነበር። ሰው ሁሉ ለእናቷ አነባች አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።

፭. መጽሐፉን ሠርጉ ላይ ልትዘጊው ነው የሚባለውን ሰምቼ ደንግጫለሁ። እሌኒ ከባሏ ሞት በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖራለች እኮ! እናቱ የሞተችበት የባሏ ልጅ በእደ ማርያም ሲነግሥ እንደ እናት አከበራት። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሆኖ ሲነግሥ አገሩን የመራችው እሷ ናት። ማቴዎስ የሚባለውን አርመን ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ላከች፤ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ደረሱ። ጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሠራችውም እሷ ናት። በውል የተሰጠችው ልጅ አርጅታ ለባዕድ ንጉሥ ውል ስታቀርብ ማየት እፈልጋለሁ፤ ያ ከሌለ ሠርጉን ምን ላድርገው?

፮. ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። ፔሩሾን በ1893 ያሳተመውን የዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል ጠይቂ።

ከዚያ ቅዳሜ ወደኔ ነይ። ጥምዙን አስገዝቼ አቆይሻለሁ፤ ወጡን አብረን እንሠራና ቀምሰሽ ትጽፊዋለሽ።