ከግድግዳው የወረደው ፎቶ

ጥያቄ፦ አጎቴ በቀይ ሽብር ተገድሏል። ፎቶው ከግድግዳ ከወረደ ወዲህ እናቴ ስሙን አታነሳም። እኔ ሳልወለድ የደረሰውን ይህን ሐዘን በካሜራ ልመረምረው እችላለሁ?

መልስ፦ መንገዱ የተሞከረ ነው። አሜሪካዊቷ ላቶያ ሩቢ ፍሬዚየር የብረት ፋብሪካ ከተማ በሆነችው ብራዶክ፣ ፔንሲልቬንያ፣ አያቷን፣ እናቷንና ራሷን ለዓመታት በጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳች፤ ሥራዋም እ.ኤ.አ. በ2014 «ዘ ኖሽን ኦፍ ፋሚሊ» በሚል መጽሐፍ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ የሚነካው፣ እናትየዋ ተነሺ ብቻ አለመሆኗ ነው፤ እሷም ካሜራውን ይዛ ልጇን አንስታለች።

ቺሊ የተወለደው ራፋኤል ጎልድቼይን ደግሞ የፖላንድ አይሁዳውያን ዘመዶቹን በልብስና በፀጉር አሠራር መስሎ ራሱን አንስቷል። የጎደሉትን በምናቡ ሞላ።

ለጠያቂዋ የሚበጀው መነሻ ግን አሮጌው ፎቶ ነው። ከተቀመጠበት ወጥቶ ጀርባው ይገለበጥ፤ ቀን፣ የእጅ ጽሑፍ ወይም የስቱዲዮ ማኅተም ሊኖረው ይችላል። እናትንም ስለ ወንድሟ አሟሟት ከመጠየቅ «ይህን ኮት ማን ገዛለት?» ማለት ይቀላል፤ ልብሱ ሟቹን ሳይሆን ወንድሟን ያስታውሳታል። አንድ ቀን ደስ ሲላት፣ መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አብረው መሄድ ይችላሉ፤ ግድግዳው በሰማዕታት ፎቶ ተሞልቷል።

እምቢ ካለች አትገፋ፤ ካሜራው ይቆይ። እስከዚያው ጠያቂዋ ፎቶው ተሰቅሎበት የነበረውን ባዶ ምስማር በጠዋት ብርሃን ማንሳት ትችላለች።