ምርጫን በምክንያት ስለ መደገፍ

ምክንያትን ስንገልጽ «ምክንያቱም»፣ ውጤትን ስናመለክት «ስለዚህ» በተባሉት አያያዥ ቃላት እንጠቀማለን። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኮምፒውተር ትምህርትም ይሰጣል። ከዳባት ወይም ከደባርቅ የሚመጣ ተማሪ ዘርፉን በስሙ ብቻ አይምረጥ፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ሳይንስ ይበልጥ በሒሳብና በፕሮግራም አጻጻፍ ላይ ሲያተኩር፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም የመሥሪያ ቤት አሠራርንም ያጠናል። በቤቱ ኮምፒውተር አለመኖሩ ሊያስፈራው አይገባም፤ ሒሳብን መጥላቱ ግን ሊያሳስበው ይገባል። ስለዚህ አስቀድሞ ዝንባሌውን ይመርምር።

መልመጃ
1. ከላይ ባለው አንቀጽ ውስጥ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ አውጡ።
2. በሁለቱ አያያዥ ቃላት በመጠቀም፣ ልትማሩት ስለምትመርጡት ዘርፍ አንድ አንቀጽ ጻፉ።