ከልጆች ሐኪም ወደ ዐዋቂዎች ሐኪም

ባለፈው ዓመት የሕክምና ካርዴ ከልጆች ክፍል ወደ ዐዋቂዎች ክፍል ተዛወረ። መንገዱ ግቢውን ከማቋረጥ አያልፍም። በበሩ ላይ «ዐዋቂ ነሽና ብቻሽን ግቢ» ተባልሁ። አዲሱ ሐኪም የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፤ የምትወስጂው መድኀኒት ስሙ ማን ነው? ስንት ሚሊግራም ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የጣለሽስ መቼ ነው? አንዱንም ሳልመልስ ዐይኔን ወደ በሩ መለስሁ፤ እናቴ ከውጭ ተቀምጣ ነበርና። በዚያን ቀን ያፈርሁት ኀፍረት ነው ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ።

የሚጥል በሽታ የሚመጣው የአንጎል ነርቮች በድንገት ከመጠን ያለፈ የኤሌክትሪክ ኀይል ባንድነት ሲለቁ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ሕመሙ ያለበት ሰው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከመቶው እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ60,000 በላይ ሕዝብ በሚኖርበት በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከሺሕ ሰው 5.2 ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት አስታውቀዋል። ይህን ስሌት ወደ ትምህርት ቤታችን ብናመጣው እኔ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

በልጆች ክፍል የሚናገረው ወላጅ ነው። መድኀኒቱም በልጁ ክብደት እየተሰላ ሲጨመር ልጁ የሚያውቀው መዋጡን ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲዛወር ካርዱ ይሄዳል እንጂ በእናቱ ልብ ያለው ዕውቀት አይሄድም። ከዚህ የከፋው ግን በመካከል ያለው ክፍተት ነው። የልጆቹ ክፍል «ከእንግዲህ የእኛ አይደለሽም» ሲል፣ የዐዋቂዎቹ ደግሞ «ቀጠሮሽ ገና ነው» ሲል መድኀኒቴ አለቀ። ይህን መድኀኒት በድንገት ማቋረጥ ሳያባራ የሚቀጥል፣ ለሕይወትም የሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። እኔም ዘጠኝ ቀን ያለ መድኀኒት ቆይቼ በዐሥረኛው ቀን በጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቅሁ። ጓደኞቼ ክብሪት ጭረው እንዳሸተቱኝ ኋላ ሰማሁ። በቅን ልብ እንዳደረጉት ዐውቃለሁ። ነገር ግን የሚረዳው በጎን ማስተኛት፣ ከራስ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፍ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መመልከትም ነው፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ እኅቶቼ ይወቁት ብዬ ግን ጻፍሁት። ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ የምወስደው ሶዲየም ቫልፕሮዬት ይባላል። ይህ መድኀኒት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከዐሥር ሕፃናት አንዱ ያህል ከአካል ጉድለት ጋር ሊወለድ፣ ከመቶውም ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት በአእምሮ እድገታቸው ሊቸገሩ ይችላሉ። ለዐሥር ዓመት ልጅ ይህን መንገር አያስፈልግም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የዐሥር ዓመቷ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። የነገሩኝ አዲሱ ሐኪም ናቸው። አሁን በእርሳቸው ትእዛዝ ቀስ በቀስ በሌላ እየተተካልኝ ነው፤ በራስ ፈቃድ መተው ግን ከላይ የጻፍሁትን አደጋ መጥራት ነው።

በእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ የዝውውሩ ዝግጅት ቢዘገይ በ13 ወይም በ14 ዓመት እንዲጀመር፣ ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ሰው እንዲመደብ፣ ወጣቱም ሳይዛወር በፊት የዐዋቂዎቹን ክፍል ባለሙያ እንዲያገኝ ይመክራል። ይህ ለሀብታም አገር ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አንድ የ14 ዓመት ልጅ በየቀጠሮው ለአምስት ደቂቃ ብቻውን ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ወጪው ምን እንደ ሆነ አይታየኝም።

ከወደቅሁ በኋላ ደብተር ገዛሁ። አንድ ምሽት እናቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስታወሰችውን ሁሉ ነገረችኝ፤ ስጽፈው ስድስት ገጽ ሆነ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ሲጠይቁኝ ከዚያ እያነበብሁ መለስሁላቸው። እናቴ ግን ዛሬም ከበሩ ውጭ ትቀመጣለች፤ ቅሪ ብላት እሺ አላለችም።